እናት ለምርቃት ቶኪዮ ሲመጡ፦ በሳኩራ ወቅት ርካሽ ማደሪያ የማግኘት አንድ የጉዳይ ጥናት

ቶኪዮ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ደጋግመን የምንጠየቀው ጥያቄ አለ። «ቤተሰብ ሊመጣልኝ ነው፣ የት ላሳርፋቸው?» የጃፓን ቤት ጠባብ ነው። ፍራሽ አንጥፎ እንግዳ ማሳደር እንደ አገር ቤት ቀላል አይደለም። ሆቴሉ ደግሞ ዋጋው ያስደነግጣል። ብዙ ጊዜ መልሳችን «እዚህ ድረ ገጽ ላይ እይ» ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች የምጽፈው ጉዳይ ሌላውን እንግዳ ለየብቻ የሚገጥመው ችግር በአንድ ቤተሰብ ላይ በአንዴ የመጣበት ነው። ለሌላው ይጠቅማል ብዬ፣ ቤተሰቡን አስፈቅጄ፣ ስም ሳልጠራ አሰፍረዋለሁ።

ሰዎቹ

ተመራቂዋ በስኮላርሺፕ መጥታ ቶኪዮ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዋን የጨረሰች ልጅ ናት። የምትኖረው በተማሪዎች ማደሪያ ነው። ምርቃቷን ለማየት እናቷና ታናሽ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ተነሡ። እናትየው ከስልሳ ያለፉ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወንድሟ ሠራተኛ ነው፤ የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ነው የመጣው።

የሚቆዩት 9 ሌሊት ነበር። ልጅቷ ለማደሪያ ያጠራቀመችው 100,000 የን ነው። ለሁለት ሰው በሌሊት 11,000 የን ገደማ መሆኑ ነው። በተራ ጊዜ ይህ ገንዘብ ቶኪዮ ውስጥ ደህና ክፍል ያስገኛል። ችግሩ ጊዜው ተራ አለመሆኑ ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቧ እናቷን በራሷ ክፍል ማሳደር ነበር። የማደሪያው ደንብ ግን እንግዳ እንዲያድር አይፈቅድም። «ማን ያየኛል» ብላ ልትሞክረው ትችል ነበር። ሆኖም ቢታወቅባት ማደሪያውን ልታጣ ነው፤ ከምርቃት በፊት ደግሞ ይህን መድፈር አይገባም። እኔም ብሆን እንግዳ የማሳርፍበት ትርፍ ክፍል የለኝም። ስለዚህ ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

ምን ከበደ

የጃፓን የትምህርት ዘመን በኤፕሪል መጀመሪያ ይከፈታል። ምርቃት የሚሆነው በማርች የመጨረሻ ሳምንታት፣ በእኛ መጋቢት አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያው ሰሞን ሳኩራው፣ ማለትም የጃፓን የቼሪ ዛፍ፣ ያብባል። ከመላው ዓለም ሰው ይጎርፋል፣ የአገሬው ሰውም ይጓዛል። ሺንጁኩ፣ ሺቡያና ኡዌኖ አካባቢ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ስንፈልግ ቅዳሜ ሌሊት ከ30,000 የን በላይ ይጠየቅ ነበር። ያው ክፍል ከሁለት ወር በፊት ዋጋው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዋጋው በላይ ግን የከበደን የሰዎቹ ሁኔታ ነው። እናትየው ወለል ላይ ተኝተው መነሣት አይችሉም። ረጅም ደረጃም አይሆንላቸውም። እናትና ልጅ በአንድ አልጋ አይተኙም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ እሳቸው ከቅዳሜና እሑድ በቀር እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ዓሣም አይበሉም። የጃፓን ሾርባ አትክልት ብቻ መስሎ ቢታይ እንኳ መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ያስፈልጋቸዋል። አንገታቸው ላይ ደግሞ የልጅነት ንቅሳት አላቸው፤ ይህ ለምን ችግር እንደሚሆን ወደ በኋላ እመጣለሁ።

ቪዛውም አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ከማመልከቻው ጋር የቆይታ መርሐ ግብር ይቀርባል። በየቀኑ የት እንደሚያድሩ፣ አድራሻና ስልኩ ተጽፎ። ቪዛው ይገኝ አይገኝ ሳይታወቅ ማደሪያ መያዝ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ቅጣት የማይሰረዝ ቦታ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ለእኛ አይሆንም ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሆነው

ፍለጋውን የጀመረው ወንድምየው ነው፣ ከአዲስ አበባ። አንድ ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አገኘሁ! በ4,000 የን!» ያገኘው ቦታ ሚናሚ ሴንጁ ጣቢያ አጠገብ ነው። ያ ሠፈር ሳንያ ይባል ነበር። ስሙ በ1966 ከካርታ ላይ ተነሥቷል እንጂ ሰው አሁንም በዚያው ስም ይጠራዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቶኪዮን የገነቡ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት ነበር። አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ላሸነፈበት ለ1964ቱ ኦሎምፒክ የተሠራው ግንባታ ላይ ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች እዚያ ነበሩ። ሠራተኞቹ ሲያረጁና ሲያልቁ ብዙዎቹ ማደሪያዎች ለመንገደኛ ተከፈቱ። እኔ ሠፈሩን አከብረዋለሁ፤ ሰላማዊም ነው። የባቡር ግንኙነቱም ጥሩ ነው።

ግን 4,000 የን ለአንድ ሰው ነው። ፍለጋው ላይ የሰው ቁጥር ወደ ሁለት ሲቀየር ዋጋው እጥፍ ሆነ። ጃፓን ውስጥ ብዙ ማደሪያ የሚያስከፍለው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። አንድ ሰው ብሎ ይዞ ሁለት ሆኖ መቅረብም አይቻልም፤ ማደሪያው ጃፓን ውስጥ አድራሻ የሌለውን እንግዳ ሁሉ ፓስፖርት ተቀብሎ ኮፒ ያደርጋል። ክፍሉ ደግሞ ባለ 3 ታታሚ ነበር፤ ታታሚ የክፍል ስፋት የሚለካበት የወለል ምንጣፍ ነው። አንድ ታታሚ ከ1.6 ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አምስት ካሬ ሜትር ገደማ ክፍል፣ ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ የጋራ መታጠቢያ። ለእናትየው የማይሆን ነው። በነፃ የሚሰረዝ ስለነበር ተሰረዘ።

ካፕሱል ሆቴልም ተነሣ፤ በክፍል ፈንታ አንድ ሰው ብቻ የሚተኛበት እንደ ሣጥን ያለ ጠባብ ማደሪያ ነው። በዓለም የመጀመሪያው በ1979 ኦሳካ ውስጥ ነው የተከፈተው፤ ዛሬ በየትልልቁ ጣቢያ ዙሪያ አይጠፋም። ለብቻው ለሚጓዝ ወጣት ጥሩ ነው። ወንድና ሴት ግን በየፎቁ ይለያያሉ። ቋንቋ የማይችሉ እናትን ማታ ለብቻቸው አንድ ፎቅ ላይ ትቶ መሄድ አልሆነልንም።

ቀጥሎ ያየነው የቢዝነስ ሆቴል የሚባለውን ነው። ንጹሕ ነው፣ ጣቢያ አጠገብ ነው፣ መታጠቢያው በክፍሉ ውስጥ ነው። ወንድምየው ለሁለት ሰው 13,000 የን የሚል አግኝቶ ደስ ብሎት ነበር። ፎቶውን አየነው፤ ሰሚ ደብል ነው። ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ አልጋ። ሁለት አልጋ የሚፈልግ ሰው «ትዊን» የሚለውን መፈለግ አለበት። ትዊን ሲባል ደግሞ ዋጋው ሌላ ሆነ።

ከበጀታችን ብዙም ያልራቀ አንድ ትዊን ተገኘ። ሆቴሉ የሚኮራበት ትልቅ የሙቅ ውኃ መታጠቢያ አለው። ልጅቷ እናቷ ለጉልበታቸው ሙቅ ውኃ እንዲያገኙ ፈልጋ ስልክ ደወለች። ንቅሳት ያለበት ሰው መግባት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች። የተቀበላት ሰው በጣም ተለሳልሶ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ አይቻልም አላት። የአንገት ጌጥ የመሰለ የእናት ንቅሳት ነው ብትል፣ ሃይማኖትና ባህል ነው ብትል፣ መልሱ ያው ነው። በጃፓን ንቅሳት ከወሮበላ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ብዙ የጋራ መታጠቢያዎች ይከለክሉታል። ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ለእማዬ ይህን አልነግራትም» አለች። ዋጋው ከአቅም በላይ መሆኑም ተጨምሮ ያ ሆቴል ቀረ።

አንድ ሌላም ነበር፣ በግለሰብ የሚከራይ አፓርትመንት። ዋጋው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ጃፓን ውስጥ ይህ ዓይነቱ ሚንፓኩ ይባላል። ከጁን 15 ቀን 2018 ጀምሮ ሕግ አለው። አከራዩ መመዝገብ አለበት፤ ቁጥሩን ማሳየት አለበት፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ማከራየት አይችልም። ይህኛው ማስታወቂያ ቁጥር የለውም። ስንጠይቅ አከራዩ «ጎረቤት ከጠየቀ ወዳጆቼ ነን በሉ» ብሎ ጻፈ። እዚያው ላይ አቆምን። እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ጎረቤት አቤቱታ ሊዘጋ ይችላል። እናት ይዞ ሜዳ ላይ መቅረት አለ።

ከሠፈር ወደ መስመር

እስከዚህ ድረስ የምንፈልገው በሠፈር ስም ነበር። ሺንጁኩ፣ ኡዌኖ፣ አሳኩሳ። እነዚህ ሁሉም ጎብኚ የሚያውቃቸው ስሞች ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ለውጥ የመጣው ጥያቄውን ስንቀይር ነው። ከአየር ማረፊያው በአንድ ባቡር፣ ወይም አንዴ ብቻ ተቀይሮ፣ የሚደረስበት የትኛው ተራ ሠፈር ነው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቾን በኩል የሚበረው ወደ ናሪታ ነው። ናሪታ ከመሃል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚያ የሚነሣው የኬሴ ባቡር አክሰስ ኤክስፕረስ የሚባለው አኦቶ፣ ኦሺያጌና አሳኩሳ ላይ ይቆማል። ዋጋው 1,500 የን አይሞላም። ሻንጣ እየጎተቱ ትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ መንከራተት የለም። ካርታውን ዘርግተን መስመሩን ይዘን ስንሄድ ዓይናችን ካቱሺካ ወረዳ ላይ አረፈ። አኦቶ ወርዶ በአዝጋሚው ባቡር ሁለት ጣቢያ ሲኬድ ዮትሱጊ ይደረሳል። ቶኪዮ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በርከት ብለው የሚኖሩት በዚያ አካባቢ ነው። ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው ምግብ ቤትም እዚያው ነው። ጎብኚ ሆን ብሎ የሚያድርበት ሠፈር አይደለም። ለዚህ ነው ሳኩራው ዋጋውን ያን ያህል ያላናረው።

እዚያ የተመዘገበ ሚንፓኩ ተገኘ። ሁለት ነጠላ አልጋ፣ ትንሽ ወጥ ቤት፣ የራሱ መታጠቢያ። ልጅቷ የምዝገባ ቁጥሩን አረጋገጠች። ደረጃ ስንት እንደሆነ አከራይዋን ጠየቀች፤ አንድ ፎቅ፣ መደገፊያ ብረት ያለው፣ ፎቶውን ላኩላት። አማራጮቹ ሁሉ ከዚህ የባሱ ስለነበሩ ተስማማን።

የሒሳቡን ነገር ልዘርዝረው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነውና። ቤቱ በሌሊት 9,500 የን ነው። ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጽዳት 10,000 የን አለ። ሁለት ሌሊት ቢያድሩ 29,000 ይሆናል፤ በሌሊት 14,500 ማለት ነው። ስምንት ሌሊት ሲያድሩ ግን 86,000 ነው፤ በሌሊት 10,750። ያው ቤት ነው፣ ያው ዋጋ ነው። ስለዚህ ሚንፓኩ ለአጭር ቆይታ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ ሲረዝም ነው የሚረክሰው። የቶኪዮ የማደሪያ ግብርም አልነካቸውም። ከ2002 ጀምሮ የሚከፈለው ግብር ያኔ የሚጀምረው ለአንድ ሰው በሌሊት ከ10,000 የን ላይ ነበርና።

የቀረችው የመጀመሪያዋ ሌሊት ነች። የሚያርፉት ቅዳሜ ማታ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከሳምንቱ ሁሉ ውዱ ሌሊት ነው። ከኢሚግሬሽንና ከሻንጣ ወጥተው ካቱሺካ እስኪደርሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ሚንፓኩ ደግሞ በሩ ላይ የሚቀበል ሰው የለውም፣ ቁልፉ በኮድ ከሚከፈት ሣጥን ነው የሚወጣው። ናሪታ ዙሪያ ግን ነፃ አውቶቡስ ያላቸው ሆቴሎች ሞልተዋል። ለጉብኝት የሚመረጡ ስላልሆኑ ቅዳሜም ብዙ አይጨምሩም። ትዊን በ11,000 የን ተያዘ። ድምሩ 97,000 የን ሆነ።

ክፍያውም ታስቦበታል። ሆቴሉ እዚያው ሲደርሱ የሚከፈል ተደረገ። የሚንፓኩውን ልጅቷ በራሷ የጃፓን ካርድ ከፈለች። ከአዲስ አበባ በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል መሯሯጥ አላስፈለገም።

ከመጡ በኋላ

ከሁሉ የጠቀመው ወጥ ቤቱ ነው። እናትየው ሽሮና በርበሬ ይዘው መጥተው ነበር። ልጅቷ ማታ ማታ ሱፐርማርኬት ዋጋ ሲቀንስ አትክልት ትገዛለች። ቶፉን መጀመሪያ በጥርጣሬ ነው ያዩት። በሁለተኛው ቀን በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ሠርተው ለሁላችንም አቀረቡት። እኔ ከዚያ ወዲህ ቤቴ እሠራዋለሁ። ለሁለት ሰው በየቀኑ ውጭ ቢበላ ኖሮ፣ ያውም የጾም ምግብ እየተፈለገ፣ በማደሪያው የተረፈው ሁሉ እዚያ ያልቅ ነበር።

ቡናው ግን አስቸገረ። ጥሬ ቡና ወደ ጃፓን ሲገባ የዕፅዋት ጤና ሰነድ ስለሚጠየቅ ቆልተው እንዲያመጡ ነግረናቸው ነበር። እሱ ተሳካ። ምድጃው ግን ኢንደክሽን ነው፤ በማግኔት ኃይል የብረት ድስትን ብቻ የሚያሞቅ። የሸክላ ጀበና ኢንደክሽን ላይ አይሞቅም። እናትየው ጀበናውን ጥደው፣ ቁልፉን አብርተው፣ ቆመው ጠበቁ። ምድጃው ጮኸና ራሱን አጠፋ። ዕጣንም በቤቱ ደንብ ክልክል ነው፤ ጣራው ላይ የጢስ መቆጣጠሪያ አለ። በድስት አፍልተው ጠጡት፤ ፊታቸው ግን አልፈታም። ወሬው ሠፈሩ ውስጥ ደርሶ አንዲት እዚያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ቤቷ ቡና ጠራቻቸው። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላቸው እዚያ ሆነ። ሺንጁኩ ውስጥ የቱንም ያህል ብንከፍል ይህን አናገኘውም ነበር።

ደረጃው ከገመትነው በላይ ከብዷቸዋል። በቀን አንዴ መውጣትና አንዴ መውረድ ይበቃቸው ነበር። የሚረሳ ነገር ሲኖር ወንድምየው ነው የሚመለሰው። የምርቃቱ አዳራሽ በከተማዋ ምዕራብ በኩል ስለሆነ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነበረው። ልጅቷ ከቀናት በፊት መንገዱን ራሷ ሄዳ የትኛው መውጫ ሊፍት እንዳለው ለይታ ጽፋለች። በምርቃቱ ዕለት የጠዋቱ ግፊያ ሳይጀምር ወጡ። እናትየው በሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ መቀመጫ አግኝተው ነው የሄዱት።

ቆሻሻ መለየትም ራስ ምታት ነበር። የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩና ጠርሙሱ ለየብቻ ይጣላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ቀን አለው። ቤቱ ውስጥ የተለጠፈው ሠንጠረዥ በጃፓንኛ ብቻ ስለነበር ልጅቷ በአማርኛ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ማታ ጮክ ብሎ ከአዲስ አበባ ጋር በስልክ ማውራት አይቻልም። የሰዓት ልዩነቱ ስድስት ስለሆነ አገር ቤት ያሉት ከሥራ ሲወጡ እዚህ እኩለ ሌሊት ይጠጋል። ስለዚህ የሚደወለው ጠዋት ሆነ።

ለሌላው የሚሆነው

ከዋጋ በፊት ሰዎቹን መጻፍ ይቀድማል። እኛ ጊዜ ያጠፋነው ርካሽ ቦታ አጥተን አይደለም፤ ርካሹ ሁሉ ለሌላ ሰው የሚሆን ስለነበር ነው። ወንድምየው ብቻውን ቢመጣ ኖሮ ሚናሚ ሴንጁ ወይም ካፕሱል በግማሽ ዋጋ ያሳድረው ነበር። ጉልበት፣ አልጋ፣ ጾም፣ ንቅሳት፤ እነዚህ ከተጻፉ በኋላ ከሚታየው ዝርዝር አብዛኛው በራሱ ይወድቃል። ይህ ሥራ ያቀላል።

ሁለተኛው የቀናቱ ነገር ነው። ጃፓን ውስጥ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ይወደዳል። ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ያለው፣ በዓላት የሚደራረቡበት የወርቃማው ሳምንት፣ የኦገስት አጋማሽና የዘመን መለወጫ ከሳኩራው አይተናነሱም። ቀን መምረጥ የሚችል ሰው ከሳኩራው በኋላ፣ ከኤፕሪል 29 በፊት ያለውን ክፍተት ይመልከት። መምረጥ የማይችል እንደ እኛ ቅዳሜዋን ከከተማው ያውጣት።

የሚንፓኩ ምዝገባ ቁጥር ወይም የማደሪያ ፈቃድ ካልታየ ገንዘብ አይከፈልም። አንዳንድ የቶኪዮ ወረዳዎች በመኖሪያ ሠፈር ሚንፓኩን ከሳምንቱ መጨረሻ ውጪ ስለሚከለክሉ በሥራ ቀን ቤት ካጡ ወረዳ መቀየር ነው የሚሻለው። ጃፓንኛ የሚያነብ ወዳጅ ካለ የአገሬው ሰው የሚጠቀምባቸውን እንደ ራኩተን ትራቭልና ጃላን ያሉትን የማደሪያ ድረ ገጾች ያሳያችሁ። ክፍሉ የማይጨስበት መሆኑንም ያረጋግጥላችሁ።

የመጨረሻው የስረዛ ቀን ነው። ቪዛው እስኪወጣ ልጅቷ ሁለት ቦታ ይዛ ነበር፣ ሁለቱም በነፃ የሚሰረዙ። አንዱን መሰረዝ የረሳ ሰው ሙሉውን ሊከፍል ይችላል። ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ በጃፓን ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ገና ምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ዕለቱ አልቋል። ልጅቷ ማስታወሻዋን ከገደቡ ሁለት ቀን ቀድማ ስልኳ ላይ ሞልታው ነበር።